ስምንቱ ሰዓት ለማን ነው?

ከሰኔ ማለቂያ ጀምሮ፣ ከጎንደር በአዘዞና በአይከል አድርጎ ወደ ገንዳ ውኃና ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ወጣቶችን የጫኑ መኪናዎች መመላለስ ይጀምራሉ። ከደጋው ጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከሌላም አካባቢ የሚነሡት እነዚህ ሰዎች በአገሩ አጠራር «ሳሉግ» ይባላሉ። ሐምሌና ነሐሴ ለሰሊጥ አረም፣ መስከረምና ጥቅምት ለአጨዳ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ለማሽላውና ለጥጡ ይፈለጋሉ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን የፈነዳው ጦርነትና ከዚያው ዓመት ማብቂያ አንሥቶ በክልሉ የተከተለው ግጭት ጉዞውን አስጊ ቢያደርጉትም፣ ሰሊጥ ያለ ሰው እጅ አይታረምም፣ አይታጨድምና ጥሪው አልቀረም። ከሚሄዱት መካከል የእናንተ ባል፣ የእናንተ ወንድም፣ ወይም ትምህርት ቤት ሲዘጋ «የደብተር መግዣ ይዤ ልምጣ» ብሎ የወጣ ልጅ ይኖር ይሆናል።

በዛሬው ዓምዳችን የምናነሣው ጥያቄ አጭር ነው። እነዚህ ሰዎች በቀን ስንት ሰዓት ይሠራሉ? ሕጉስ ስንት ሰዓት ይላል? ይህን ጥያቄ ለከተማ እናቶች በሚጻፍ ገጽ ላይ ማንሣታችን ለምን እንደ ሆነ፣ ትንሽ ታግሠው ያነበቡን እንደ ሆነ ከራሳቸው ማድ ቤት ያገኙታል።

በመጀመሪያ ሕጉን እንይ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 በአንቀጽ 61 ላይ መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት መብለጥ እንደሌለበት ይደነግጋል። ከዚህ ጋር በሳምንት ውስጥ ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት አለ። ዕድሜው ከ15 እስከ 18 ዓመት የሆነ ወጣት ሠራተኛ ከ7 ሰዓት በላይ እንዲሠራ አይፈቀድም፤ በሌሊት፣ በትርፍ ሰዓት፣ በዕረፍት ቀንና በበዓልም እንዲሠራ ማድረግ ክልክል ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜም ሆነ በትርፍ ሰዓት አትመደብም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 42 ሠራተኞች በአግባቡ የተወሰነ የሥራ ሰዓትና ዕረፍት የማግኘት መብት እንዳላቸው አስፍሯል።

የስምንት ሰዓት ደንብ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 64፣ በ1985 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 42፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 377፣ መንግሥታት ሲለዋወጡ ሁሉ ይህችን ቁጥር አልነኳትም። ከአገር ውጭም ቢሆን ብዙ ዋጋ የተከፈለባት ቁጥር ናት። እ.ኤ.አ. በ1886 በቺካጎ ከተማ ስምንት ሰዓት እንዲሆንላቸው አደባባይ የወጡ ሠራተኞች ደም ፈሶባታል፤ በየዓመቱ ሚያዝያ 23 ቀን የሚከበረው የሠራተኞች ቀን የዚያ መታሰቢያ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1919 ሲመሠረት ያወጣው የመጀመሪያው ስምምነት ስለዚችው ስለ ስምንት ሰዓት ነበር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1923 የዚህ ድርጅት አባል ሆናለች።

ነገር ግን ያ የ1919 ስምምነት የወጣው ለኢንዱስትሪ ነው። እርሻው ቀርቷል። የቤት ሠራተኛዋማ ከነጭራሹ አልታሰበችም። ነገሩን እዚህ ላይ ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ መተማ። ሰሊጥን የሚያውቅ ሰው እንደሚነግራችሁ፣ ይህ እህል ትዕግሥት የለውም። ፍሬው የተሸፈነበት ቆብ ሲደርቅ ራሱ ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ተክሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር፣ ገና ሳይደርቅ በጥቂት ቀናት ውስጥ መታጨድ፣ በነዶ መታሰርና «ሂላ» በሚባል ክምር ቀጥ ተደርጎ መቆም አለበት። እዚያው ደርቆ ሸራ ላይ እየተገለበጠ ይራገፋል። አንድ ሳምንት የዘገየ ባለ እርሻ የዓመት ድካሙን ለአፈር ይሰጣል። ከዚህ የተነሣ በአጨዳ ወቅት ሥራው ከጎሕ እስከ ጀንበር ጥልቀት ይሆናል፤ ቀትሩ ሲከብድ ለጥቂት ጊዜ ጥላ ይፈለግና እንደገና ይገባል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ገብቶ ምሽት 12 ሰዓት የወጣ ሰው፣ ሁለት ሰዓት ዐረፈ ብንል እንኳ 10 ሰዓት ተኩል ሠርቷል።

አሠሪዎች ይህን ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ «ሰሊጡ አይጠብቅም» የሚል ነው። እውነት ነው፣ አይጠብቅም። አዋጁም የትርፍ ሰዓት ሥራን የሚፈቅደው አደጋ ሲደርስ ወይም የሚደርስ መሆኑ ሲያሠጋ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥም፣ በአስቸኳይ መሠራት ያለበት ሥራ ሲኖር፣ ወይም ያለማቋረጥ በሚሠራ ሥራ ላይ የቀረ ሠራተኛን ለመተካት ነው። ታዲያ ሰሊጥ በየዓመቱ በመስከረምና በጥቅምት መድረሱ ድንገተኛ ነገር ነውን? ደመራ መቼ እንደሚለኮስ እንደምናውቅ ሁሉ የመተማ ባለ እርሻም ሰሊጡ መቼ ቢጫ እንደሚሆን ያውቃል። አስቀድሞ የሚታወቅ ጥድፊያ በብዙ እጅ ይሸፈናል እንጂ በጥቂት ሰዎች ወገብ አይሸፈንም። እርግጥ ነው፣ ሰው በሚጠፋበት ዓመት፣ መንገድ በሚዘጋበት ዓመት ባለ እርሻውም የሚይዘው የሚጨብጠው ያጣል። ይህን ሳንክድ ነው የምንናገረው።

ሕጉ ራሱ ግትር አይደለም። የሥራው ጠባይ በሳምንት ውስጥ ሰዓቱን እኩል ለማከፋፈል የማያስችል ሲሆን፣ ከሳምንት በሚረዝም ጊዜ አማካይ ተሰልቶ በቀን 8፣ በሳምንት 48 እንዲሆን ይፈቅዳል። አንድ ሳምንት የበዛው በሌላው ሳምንት ይካካሳል ማለት ነው። ለቋሚ ሠራተኛ ይህ ይሠራል። ሦስት ሳምንት ብቻ ቆይቶ አገሩ ለሚመለስ ሳሉግ ግን የሚካካስበት ሳምንት ከወዴት ይመጣል? ወቅታዊ ሥራ በአዋጁ የታወቀ የሥራ ውል ዓይነት መሆኑ ስሙን ከሕጉ ውስጥ አስገብቶለታል፤ ቀኑን ለማሳጠር ግን አልበቃም።

ደግሞ ሌላ አንቀጽ አለ፣ ብዙ ሰው የማያነሣው። አንቀጽ 62 የሥራው ሁኔታ ልዩ በሆነባቸው ዘርፎችና የሙያ ዓይነቶች ሚኒስቴሩ መደበኛውን የሥራ ሰዓት ከስምንትም በታች ዝቅ የሚያደርግ መመሪያ ሊያወጣ እንደሚችል ይናገራል፤ ሰዓቱ በመቀነሱም ደመወዝ አይቀነስም። የመተማን ቆላ የረገጠ ሰው ይህን አንቀጽ ሲያነብ ምን እንደሚያስብ መገመት አያዳግትም። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት አገር ነው። በአጨዳም ጊዜ ቢሆን ጥላ በሌለው ሜዳ ጎንበስ ብሎ መዋል ለደገኛው ልጅ ሌላ ፈተና ነው። ልዩ የሥራ ሁኔታ ማለት ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

በዚህ ላይ የሌሊቱ አለ። ቀኑን በሥራ የደከመ ሰው ማታ የሚተኛው ብዙ ጊዜ እዚያው እርሻው ዳር፣ ከግራር ሥር ነው። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ደግሞ በዋልካው መሬት ስንጥቅና በግራሩ አካባቢ የምትራባ፣ ከምሽት እስከ ንጋት የምትናከስ ትንሽ ፍጥረት ናት። መተማና ሁመራ በዚህ በሽታ የታወቁ ናቸው። ወባውም አብሮ አለ። ከቆላ የተመለሰ ሰው ከሁለት ሳምንት በላይ የማይለቅ ትኩሳት ከያዘው፣ ከከሳና በግራ ጎኑ በኩል ሆዱ ካበጠ፣ ጸበልም ሆነ ፍየል ወጥ እየተባለ መዋል የለበትም። ካላዛር ካልታከመ ይገድላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን ይድናል። በአገራችን የሚሰጠው የመርፌ ሕክምና 17 ቀን ይወስዳል። ሐኪሙ «የት ከርመህ ነበር?» ብሎ ባይጠይቅ እንኳ «መተማ ነበርኩ» ብሎ መንገር የታማሚው ፋንታ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የማይመች እውነት መነገር አለበት። ረጅሙን ቀን የሚፈልገው ባለ እርሻው ብቻ አይደለም፤ ሳሉጉም ይፈልገዋል። ሥራው በቁርጥ ሲሆን፣ ማለትም በሂላ ወይም በታረመ መሬት ልክ ሲከፈል፣ ጎንበስ ያለ ሁሉ «ቶሎ ጨርሼ፣ ብሬን ይዤ ልመለስ» ይላል። «ስምንት ሰዓት ሞልቷልና ውጣ» ቢሉት በሕጉ ከመደሰት ይልቅ ገንዘቡን የወሰዱበት ይመስለዋል። ይህን የሚያነሡ አሠሪዎች «እሱ ራሱ ፈቅዶ ነው» ሲሉ ክርክሩ የተዘጋ ይመስላቸዋል።

ይህ «ፈቅዶ ነው» የሚባል ነገር ግን የቆየ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም የሴቶች ነው። በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ሎዌል በምትባል ከተማ ጥጥ የሚፈትሉና ሸማ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ነበሩ። ሠራተኞቹ በብዛት ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1845 ሣራ ባግሊ የምትባል ሠራተኛ የምትመራው የሴቶች ማኅበር የሥራ ቀን በ10 ሰዓት እንዲወሰን ፊርማ አሰባስቦ ለግዛቲቱ ምክር ቤት አቀረበ። ምክር ቤቱ ሰማ፣ ግን ሕግ አላወጣም። ጎረቤቲቱ ኒው ሃምፕሸር እ.ኤ.አ. በ1847 የአሥር ሰዓት ሕግ አወጣች፤ ሕጉ ግን «ሠራተኛው በውል ካልተስማማ በስተቀር» የምትል ቀዳዳ ነበረችበት። ፋብሪካዎቹ ወዲያው የውል ወረቀት አዘጋጅተው «ፈርሚ፣ አለዚያ ሥራ የለም» አሉ። ፈረሙ። ፈቅደው ነው እንግዲህ! የሎዌል ሴቶች ግዛት የአሥር ሰዓት ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1874 ነበር፤ ፊርማው ከተሰበሰበ 29 ዓመት በኋላ። የእኛው አዋጅ ሠራተኛው ቢስማማም እንኳ ከሕጉ ያነሰ ውል እንዳይጸና ያደረገው፣ የተቸገረ ሰው ፊርማ ምን ያህል ቀላል እንደ ሆነ ስለሚያውቅ ነው። በመተማም የሳሉጉ ፍላጎት የሚለወጠው ቁርጡ በስምንት ሰዓት ሥራ የሚያኖር ሲሆን ነው።

እስካሁን ስለ ወንዶች ስናወራ ቆየን። እርሻው ላይ ያለችውን ሴት ገና አላነሣናትም።

ሠላሳ ሰው አርሞ ይበላል። የሚበላው እንጀራ ከየት ይመጣል? በየእርሻው ሠፈር አብሳይ አለች። እስቲ የእንዲህ ያለችን ሴት አንድ ቀን በሰዓት እንቁጠር። ሰዎቹ ንጋት ላይ ቁርስ በልተው እንዲወጡ ከተፈለገ እሷ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እሳት ማያያዝ አለባት። የሠላሳ ሰው እንጀራ በአንድ ምጣድ በአንድ ሰዓት አያልቅም። ሰዎቹ ሲወጡ እሷ ዕቃ ታጥባለች፣ ውኃ ታስቀዳለች ወይም ራሷ ትቀዳለች፣ እንጨት ትሰባብራለች። ቀትር ላይ ምሳ ይደርሳል። ከዚያ ሊጥ ታቦካለች፣ ሽሮውን ታሰናዳለች። ምሽት 1 ሰዓት ላይ እራት ይቀርባል። ዕቃው ታጥቦ፣ ለነገው እንጨቱ ተሰናድቶ ጎኗን የምታሳርፈው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 9 እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት 18 ሰዓት ይሆናል። በመካከሉ ሦስት ሰዓት ቁጭ ብላለች እንበል፤ የቀረው 15 ነው።

በሕጉ ዓይን ይህን ስናየው፣ ከስምንቱ በላይ የሠራችው 7 ሰዓት ነው። አዋጁ ደግሞ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 እንዳይበልጥ ይከለክላል። ሳምንታዊ የዕረፍት ቀኗስ? ሠላሳ ሰው እሑድ አይራብም ይሆን? አጫጁ ዝናብ ሲጥል ያርፋል፤ እሷ ዝናብም ቢጥል ምጣዷን አትተውም፤ እርጥብ እንጨት እያጨሰባት ትጋግራለች እንጂ። ይህችን ሴት ስለ ሰሊጥ ምርት በሚወጡ ዘገባዎች ውስጥ ፈልጌያት አላውቅም ብል እዋሻለሁ፤ ፈልጌያት አጣኋት እንጂ። ኩንታሉ ይቆጠራል፣ ሄክታሩ ይቆጠራል፤ የአብሳይዋ ሰዓት ግን የማንም መዝገብ ውስጥ የለም።

ሆኖም አንድ ነገር አላት። አሠሪዋ ለትርፍ የሚያርስ ባለ እርሻ ከሆነ፣ አዋጁ እሷንም ያቅፋታል። ተጠቅማበት ባታውቅም መብቱ የእሷ ነው። ያው እጅ፣ ያው ምጣድ፣ ያው ሊጥ ከእርሻው ወጥቶ ወደ አንድ ቤተሰብ ቤት በገባ ጊዜ ግን መብቱ ደጃፍ ላይ ይቀራል። አዋጅ ቁጥር 1156 በአንቀጽ 3 ላይ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከአዋጁ ውጭ አድርጎታልና። የቤት ሠራተኛ ማለት ይህች ናት።

እንግዲህ ወደ ማድ ቤታችን መጣን።

የቤት ሠራተኛን ጉዳይ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንደሚወሰን የ1996ቱ አዋጅ ተናግሮ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት አለፈ፤ ደንቡ አልወጣም። የ2011ዱ አዋጅ ያንኑ ቃል እንደገና ሰጠ። እስከዚያው የሚሠራው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ እሱም አሠሪው አብራው የምትኖር ሠራተኛን ጤንነትና መልካም ጠባይ ለመጠበቅ ተገቢውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ ያዛል። መልካም ቃል ነው። ሰዓት ግን አይቆጥርም።

በዚህ ረገድ ብቻችንን አይደለንም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1938 ታላቁን የሥራ ሰዓትና የደመወዝ ሕጓን ስታወጣ ሁለት ሰዎችን ለይታ ከደጅ አስቀርታለች፤ የእርሻ ሠራተኛውንና የቤት ሠራተኛዋን። የእኛን እህቶች በብዛት የምታስተናግደው ሊባኖስም እ.ኤ.አ. በ1946 ያወጣችው የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ውጭ አድርጓል። ቤይሩት ያለች እህታችን ሌሊት ስትቀሰቀስ፣ የዕረፍት ቀን ስትከለከል እንሰማለን፤ እናዝናለን፤ «ጨካኞች» እንላለን። ተገቢ ነው። ግን የሕጉ ቀዳዳ እዚያም እዚህም አንድ ዓይነት መሆኑን ስንቶቻችን አስተውለናል? ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ለቤት ሠራተኞች የሚሆን ስምምነት፣ 189ኛውን፣ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ለፋብሪካ ሠራተኛ ስምንት ሰዓት ከተባለ 92 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ያ ስምምነት በሳምንት ቢያንስ ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ይላል፤ ደግሞ «ጠሩኝ አልጠሩኝ» እያለች የምትጠብቅበት ሰዓትም በየአገሩ ሕግ በሚወሰነው መጠን እንደ ሥራ ሰዓት እንዲታይ ይጠይቃል።

አሁን በሐቀኝነት እንነጋገር። መሥሪያ ቤት፣ ፋብሪካ፣ ባንክ ወይም ትምህርት ቤት የምንሠራ እናቶች ስምንት ሰዓታችንን ሠርተን፣ ሰልፍ ይዘን፣ ታክሲ ተጋፍተን ቤት ስንገባ ልጁ ታጥቦ፣ ወጡ ተሠርቶ እናገኘዋለን። ያች ልጅ የተነሣችው ከንጋቱ 11 ሰዓት ነው። የምትተኛው እኛ ከተኛን በኋላ፣ ቢፈጥን ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። የእኛ ስምንት ሰዓት የቆመው በእሷ አሥራ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ዕድሜዋ ደግሞ 16 ወይም 17 ቢሆን፣ ያችው ልጅ ዳቦ ቤት ብትቀጠር ሕጉ ከሰባት ሰዓት በላይ አታሠሯት ይል ነበር።

«እኔስ ማን አረፍኩ?» የምትል እናት እንዳለች አውቃለሁ። እውነቷን ነው። የቤት ሥራ አያልቅም፤ ደመወዟም ሁለት ሠራተኛ ለመቅጠር አይበቃም፤ ልጅ ቢታመም ሌሊቱን የምትቀመጠው እሷ ናት። (አባወራው በዚህ ስሌት ውስጥ ስንት ሰዓት እንዳለው ብንጠይቅ ጋዜጣው ቦታ አይበቃንም። አዋጁ ሚስቱ ስትወልድ የሦስት ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ሰጥቶታል፤ ሦስቱን ቀን ምን ላይ እንዳዋላቸው እናንተ ታውቃላችሁ።) ነገር ግን ድካምን ወደ ታች ማስተላለፍ ድካሙን አያጠፋውም።

ደንቡ እስኪወጣ ድረስ በአንድ ቤት ውስጥ የሚቻል ነገር አለ። ከቅጥሩ ዕለት ከደላላው ፊት ስለ ብሩ ስንነጋገር ስለ ሰዓቱም መነጋገር ይቻላል። ከእራት በኋላ ያለው ዕቃ ለነገ ቢያድር ቤት አይፈርስም። ምሳ ተበልቶ ልጆች ሲተኙ ሁለት ሰዓት የእሷ ይሁን፤ በዚያ ሰዓት «እስቲ እግረ መንገድሽን» የሚባል ነገር አይኑር። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስማ ከመጣች በኋላ፣ ሙስሊምም ከሆነች ዓርብ፣ ቀኑ የእሷ እንዲሆን ማድረግ የሚከብደው እስኪለመድ ነው። የማታ ትምህርት የምትማር ከሆነ ከቤት የምትወጣበት ሰዓት እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚሠረዝ መሆን የለበትም። ባሏን ወይም ወንድሟን ወደ መተማ የሸኘች ሠራተኛም ትኖር ይሆናል፤ «እትዬ፣ ስልክ ልደውል» ስትል ሰዓት ተመልክተን አንቆጣት።

ለራሳችንም መብት ቢሆን ብዙዎቻችን ሒሳቡን አናውቀውም። የትርፍ ሰዓት ክፍያ እንዲህ ነው። ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው ሰዓት ክፍያ በ1.5 ይባዛል፤ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፤ በሳምንት የዕረፍት ቀን በ2፤ በሕዝብ በዓል በ2.5። አንዲት የስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ በወር 5,200 ብር ታገኛለች እንበል። በወር 26 የሥራ ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ብናሰላ 208 ሰዓት ይሆናል፤ የአንድ ሰዓት ዋጋዋ 25 ብር ነው ማለት ነው። ስለዚህ የቀኑ ትርፍ ሰዓት 37 ብር ከ50፣ የሌሊቱ 43 ብር ከ75፣ የእሑዱ 50፣ የበዓሉ 62 ብር ከ50 ይደርሳታል። የደመወዝ ወረቀታችሁን አውጥታችሁ አመሳክሩት።

ክፍያው ከ1996ቱ አዋጅ በተሻለ ጨምሯል፤ ያን ጊዜ የቀኑ 1.25፣ የሌሊቱ 1.5 ነበር። ሆኖም አንድ ያልተወራ ለውጥ አለ። አሮጌው አዋጅ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ2፣ በወር ከ20፣ በዓመት ከ100 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስን ነበር። አዲሱ በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሲል የወርና የዓመቱን ወሰን ተወው። ሳምንቱ 12 ሰዓት በዓመት ሲደመር ከ600 ይበልጣል። ብሩ ከፍ ሲል አጥሩ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። የወሊድ ፈቃዱ ከወሊድ በኋላ ከ60 ወደ 90 ቀን ማደጉን ሁላችንም በደስታ ተቀብለናል፤ ይህኛውን ግን የሠራተኛ ማኅበሮቻችን ምን እንዳሉበት ቢያስረዱን መልካም ነው። ስምንት ሰዓት የሚባለው ነገር በሳምንት 60 ሰዓት ሆኖ ልጅ የምታሳድግ እናት ልጇን የምታየው ተኝቶ ነው።

ወደ መተማ የሚሄድ ሰው ያላችሁ፣ ስንቁን ስታሰናዱ አጎበርና አንዲት ትንሽ ደብተር ጨምሩለት። አጎበሩ ለአሸዋ ዝንቧና ለወባ ትንኝ ነው። ደብተሯ ላይ የአሠሪውን ስም፣ የተስማሙበትን ዋጋ፣ በየቀኑ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት፣ ያቆመውን ሂላ ብዛት ይጻፍባት። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ መግለጫ ለሠራተኛው መስጠት አለበት፤ ባይሰጠውም ሠራተኛው መብቱን አያጣም፣ ማስረጃ ግን ያስፈልገዋል። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ሰሊጡ በጥቅምት ታጭዶ ክፍያው ለኅዳር መጨረሻ የተቀጠረለት ሰው ስድስቱ ወር የሚሞላበት በግንቦት መጨረሻ ነው፤ ግንቦት ደግሞ ለሐምሌው አረም ማን ከማን ጋር እንደሚወርድ መመካከር የሚጀመርበት ወር ነው።